ቀስ ብሎ ለበላ፦ የጅማው የቻይና ምግብ ቤት

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ጅማ ውስጥ ብርቅ ሥራ አይደለም። ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከማና፣ ከጌራ የመጣ ቡና ጠረጴዛችን ላይ ይቀርባል፣ እኛም ቀምሰን ደረጃ እንሰጠዋለን።

አሠራሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። መጀመሪያ የተፈጨውን ቡና ደረቁን እናሸታለን። ከዚያ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ ውሃ ይፈስበትና 4 ደቂቃ ይጠበቃል። ላዩ ላይ የጋገረውን በማንኪያ ከፈት አድርገን፣ አፍንጫችንን ስኒው ላይ ደፍተን፣ የሚወጣውን እንፋሎት እንስባለን። ምላስ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በማንኪያ ጨለፍ አድርገን፣ ድምፅ እያሰማን በኃይል ስበን፣ አፋችን ውስጥ አዙረን እንተፋዋለን። ድምፁ ለእንግዳ ነውር ሊመስል ይችላል፤ ግን ምክንያት አለው። ቡናው ምላስ ላይ ሁሉ ይበተናል፣ ሽታውም በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል። ጣዕም ከምንለው ነገር ብዙው ደግሞ የአፍንጫ ሥራ ነው።

ከሁሉም የምወደው ሕግ ግን አንድ ነው። ቡናው ሲበርድ እንደገና ይቀመሳል። ትኩስ ሳለ ሁሉም ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ሲበርድ ነው። አፈር አፈር የሚለው፣ ሻጋታ የነካው፣ ሲደርቅ ዝናብ ያገኘው፣ ሁሉም ያኔ ይታወቃል። ጥሩ የሆነው ደግሞ ሲበርድ የባሰ ይጣፍጣል።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የት ይሄዳል? ማንኛውም ምሳ ቤት ገብታችሁ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። አንዱ እጅ ጥብሱ ላይ ነው፣ ሌላው ስልክ ላይ። ሰው ምን እንደበላ ሳያውቀው ሳህኑ ባዶ ይሆናል። ቡናን እንዲህ የምናከብር ሰዎች፣ በቀን ሁለት ሦስቴ የምንቀመጥበትን ምግብ በዚህ ዓይነት ማሳለፋችን ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ምላሱ ያው ነው፣ አፍንጫውም ያው ነው፣ የጎደለው ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ የቅምሻ ጠረጴዛውን ልማድ ወደ ምሳ አመጣሁት። ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ አሸታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች ሳላወራ እበላለሁ። መሃል ላይ እጄን አሳርፌ ትንሽ እቆያለሁ፣ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ እንደገና እቀምሳለሁ። ሆድ ጠገብኩ ማለቱ ወደ አእምሮ እስኪደርስ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል ይባላል፤ በጥድፊያ የሚበላ ሰው ያንን መልእክት ሳይሰማ ነው የሚነሳው።

በውጭው ዓለም ይህ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ጆን ካባት ዚን የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ለሕመምተኞች በጀመረው የማስተዋል ሥልጠና ውስጥ አንድ የታወቀ ልምምድ አለ። ለሠልጣኙ አንዲት ዘቢብ ትሰጠዋለች። ያያታል፣ ያሸታታል፣ በጣቱ ያሻሻታል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያኝካታል። በቃ። ጥሩ ልምምድ ነው፣ ሞክሬዋለሁ። ግን እኛ አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። እጅ ታጥቦ፣ ተባርኮ፣ ቢስሚላህ ተብሎ ነው የሚበላው። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ነቢዩ የሆድን አንድ ሦስተኛ ለምግብ፣ አንድ ሦስተኛ ለመጠጥ፣ አንድ ሦስተኛ ለትንፋሽ ተዉ ማለታቸውን ከልጅነታቸው ጀምረው ይሰማሉ። ሁዳዴን ጾሞ በፋሲካ ሌሊት የመጀመሪያዋን የዶሮ ወጥ ጉርሻ የጎረሰ ሰው ደግሞ አስተውሎ መብላት ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስተምረው አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቻይናዎቹ ልምጣ።

ቻይናዎች ለጅማ ሰው አዲስ አይደሉም። መንገድ ሲሠሩ አይተናቸዋል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ የገነባውም የቻይና ተቋራጭ ነው። ምግባቸው ግን ወደ እኛ የመጣው በሆቴል ሜኑ በኩል ነው፣ ያውም ተለውጦ። ሩዝ በሶያ ሶስ ተጠብሶ፣ ካሮትና እንቁላል ገብቶበት፣ አንዳንዴ ካቻፕና ስኳር ተጨምሮበት፣ «ቻይኒዝ» ተብሎ ይቀርባል። ይበላል፣ ሆድ ይሞላል። ቀስ ብላችሁ ስትበሉት ግን ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ የሚነግራችሁ አዲስ ነገር የለም። ጨው፣ ጣፋጭ፣ ዘይት፣ ከዚያ እንደገና ጨው። እኔም የቻይና ምግብ ይኸው ነው ማለት ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ቤቱን የጠቆመኝ አብሮኝ የሚሠራ ሹፌር ነው። ድሮ መንገድ ሥራ ላይ ከቻይናዎች ጋር ሠርቷል። «እህቴ፣ ራሳቸው የሚበሉበት ቤት አለ፣ አንቺ ደግሞ መቅመስ ትወጃለሽ» አለኝ። ከአጂፕ ሰፈር ገባ ያለ ግቢ ነው። ታፔላ የለውም። በረንዳው ላይ ጥቂት ጠረጴዛዎች አሉ፣ ከውስጥ የጋዝ ምድጃው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፣ ግድግዳው ላይ በእጅ በቻይንኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ባለቤቷ ከሲቹዋን ግዛት የመጡ፣ እድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ሴት ናቸው። አማርኛም ኦሮምኛም ትንሽ ትንሽ ይሞክራሉ። የቀረውን የምትሞላው አብራቸው የምታበስል የጅማ ልጅ ናት፣ በምልክት፣ በቃላት፣ ካልሆነም ማሰሮውን ከፍታ በማሳየት።

«ምን ይሻላል?» አልኳት።

«እትዬ፣ ቶፉውን ይሞክሩ። ያቃጥላል ግን።»

የመጣው ማፖ ቶፉ ነው፤ ቶፉ ማለት ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ፣ አይብ የሚመስል ምግብ ነው። ይህ ምግብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሲቹዋን ዋና ከተማ በቼንግዱ፣ ከቼን ቤተሰብ የሆነች አንዲት ሴት ምግብ ቤት ውስጥ እንደተጀመረ ይነገራል። ሳህኑን ዳር ዳሩን ቀይ ዘይት ከቦታል። መሃሉ ላይ በትናንሹ የተቆረጠ ነጭ ቶፉ አለ፣ ሳህኑ ሲቀመጥ እንደ ረጋ እርጎ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ። በመሃል በመሃሉ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ የሽንኩርት ቅጠልና ቡናማ ዱቄት።

አሸተትኩት። መጀመሪያ የመጣው ቃሪያም በርበሬም አይደለም። የፈላ፣ የቆየ፣ ከበድ ያለ የባቄላ ሽታ ነው። ስልጆ የሚሠራበት ቤት ያደገ ሰው ከዚህ ሽታ ጋር ቶሎ ይግባባል። እኛ የባቄላ ዱቄትን ከሱፍ ጋር አፍልተን ስልጆ እንደምናደርገው፣ በሲቹዋን የፒሺየን ሰዎች ባቄላን ከቀይ ቃሪያና ከጨው ጋር በትልልቅ የሸክላ ጋኖች ያፈሉታል። ጋኑ ደጅ ይቀመጣል። ፀሐይ ሲሆን ተከፍቶ ይማሰላል፣ ዝናብ ሲመጣ ይከደናል። ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት ይቆያል። ዶባንጃንግ ይሉታል። ምግብ ሲሠራ ይህ ድልህ መጀመሪያ ዘይት ውስጥ ገብቶ በቀስታ ይቁላላል፣ ዘይቱ ቀይ እስኪሆን። ከተጣደፉ ዘይቱ አይቀላም፣ ሽታውም ጥሬ ጥሬ ይላል። ሽንኩርት በደንብ ሳይቁላላ የተጣደፈ ወጥ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ሁሉ ይህንንም ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያው ጉርሻ ጨው ነው። ከዚያ ባቄላው። ከዚያ ቃጠሎው ከጉሮሮ ተነስቶ ወደ ላይ ይመጣል። እጄን አሳርፌ ጠበቅኩ። ያኔ ከንፈሬን ነዘረኝ። መጀመሪያ የታችኛው ከንፈሬ ጫፍ፣ ቀጥሎ የምላሴ ዳርና ዳር። ሕመምም ማቃጠልም አይደለም፤ ንዝረት ነው። ውሃ ብጠጣ ውሃው ራሱ ኮምጠጥ ያለ መሰለኝ። ብዙ ዓመት ስቀምስ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አፌ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ያ ቡናማ ዱቄት የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ የሚባለው ነው፣ ግን ከቁንዶ በርበሬ ጋር ዝምድና የለውም። የሎሚ ቤተሰብ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ፣ ቡናችን ውስጥ የምንነክረው ጤና አዳም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ፍሬው ይጣላል፣ ቅርፊቱ ነው የሚፈጨው። ሳንሹል የሚባል ንጥረ ነገር አለው፣ እሱ የመዳሰስ ነርቮችን ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2013 የለንደን ተመራማሪዎች ቅመሙን ሰዎች ከንፈር ላይ ቀብተው፣ ንዝረቱን ጣታቸው ላይ ከሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ጋር እንዲያነጻጽሩ አደረጉ። ሰዎቹ የተሰማቸው በሰከንድ 50 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ነገር ነው። ማለትም ይህ ቅመም ከጣዕምነቱ ይልቅ መዳሰስ ነው። ምላስ እንደ ጣት ሆኖ ይነካል።

ይህን ሁሉ የማብራራው ለምን መሰላችሁ? ይህ ንዝረት ለሚጣደፍ ሰው አይደርሰውም። ሲመጣ ትንሽ ይዘገያል። በላይ በላዩ ለሚጎርስ ሰው ከቃጠሎው ጋር ተቀላቅሎ «ኧረ ያቃጥላል» ብቻ ሆኖ ያልፋል። የሲቹዋን ሰው ግን ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል። አንዱ ሲበዛ ሌላው እንዲያበርደው አድርጎ ነው የሚመጥናቸው። ባለቤቷ ንዝረቱን ለእኛ ብለው አልቀነሱትም፣ ያልለመደው ሰው ቢደነግጥም። የቻይናውን ወዝ የያዘ ቤት መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ነው፤ በቀይ ፋኖስ ወይም በቾፕስቲክ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሆንኩ። ቤቱንም በደንብ ማየት ጀመርኩ። ሩዙ ነጭ ነው፣ ጨው እንኳን የለውም፣ ምክንያቱም ሥራው ሌላውን ማብረድ ነው። ምግቡ መሃል ላይ ተቀምጦ ሁሉም ከአንድ ሳህን ያነሳል፣ ይሄ ለእኛ ማንም የማያስተምረን ነገር ነው። ጎመኑ በኃይለኛ እሳት ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ገልበጥ ገልበጥ ተደርጎ፣ ገና አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ይወጣል። ሾርባው ቀጭን ነው፣ መጨረሻ ላይ እንደ መጠጥ ይጠጣል።

የበሬ ሥጋውን ሳልነግራችሁ ግን ጽሑፉ አይጠናቀቅም። ሥጋ በድንች ነው። በዶባንጃንግ፣ በዝንጅብል፣ በቀረፋና ኮከብ በምትመስለው ቅመም ለረጅም ጊዜ ይንተከተካል። ትኩሱን ስቀምሰው የመጣልኝ ዝንጅብሉና ቀረፋው ነው። ግማሽ ስደርስ እንደ ልማዴ አረፍ አልኩና ቀዝቀዝ ሲል ድንች ላይ የቀረውን መረቅ በማንኪያ ሳብ አደረግኩት። ኮረሪማ! መጠራጠር አያስፈልግም። ከሥጋው ጀርባ ተደብቃ የነበረች ጥርት ያለች ኮረሪማ።

ልጅቷን ጠራኋት። «ይሄ ውስጥ ኮረሪማ አለ?»

«ኧረ እትዬ፣ የቻይና ቅመም ነው ያለው» አለችኝ።

ባለቤቷ ከውስጥ ሆነው «ኮረሪማ» የምትለዋን ሰምተዋል። ሳቁ። ወደ ውስጥ ገብተው በገመድ የተሰካ ኮረሪማ ይዘው ወጡ፣ ከገበያ እንደሚገዛው፣ ያ የደረቀ ቡናማ ፍሬ መሃሉ ተበስቶ እንደ ተሰካ። አንዷን በጥፍራቸው ፈልቀቅ አድርገው አፍንጫዬ ስር ያዙልኝ። ከዚያ በልጅቷ አስተርጓሚነት ነገሩኝ። አገራቸው ውስጥ ለሥጋ የሚጠቀሙት ጻኦጉዎ የሚባል ከዩናን የሚመጣ ፍሬ አለ። ያመጡት አለቀ። ገበያ ወጡና ቅመም የሚሸጡት ሴቶች ፊት ቁጭ ብለው አንድ በአንድ አሸተቱ። ኮረሪማ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

ትክክል ናቸው። ሁለቱም የዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው። ጻኦጉዎ የጭስ ሽታ አለው፣ ኮረሪማ ለስለስ ትላለች፣ ሥራቸው ግን አንድ ነው። የሥጋውን ጠረን ያነሳሉ፣ መረቁንም ያቀልላሉ። ባለቤቷ ይህን ያወቁት መጽሐፍ አንብበው አይደለም፣ በአፍንጫቸው ነው። እኔም በአፍንጫዬ ስለምበላ በጣም አከበርኳቸው።

ይህን ስነግራት አንድ ጓደኛዬ «እንግዲያው እውነተኛ የቻይና ምግብ አይደላ!» አለችኝ። አልስማማም። ቃሪያ ራሱ ለቻይና እንግዳ ነው፤ ከአሜሪካ አህጉር ተነስቶ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው እዚያ የደረሰው። የእኛም በርበሬ መነሻው ያው አህጉር ነው። ዛሬ ሲቹዋንን ያለ ቃሪያ፣ እኛን ያለ በርበሬ ማን ያስበናል? እውነተኛ የሚለውን ቃል በዕቃው መነሻ ከለካነው ሁለታችንም ባዶ እጃችንን እንቀራለን። እኔ የምለካው በሌላ ነው። አብሳዩ እያንዳንዱ ነገር ድስቱ ውስጥ ለምን እንደገባ ያውቃል ወይ? ካወቀ ሲያልቅበት ምን እንደሚተካ ያውቃል፣ ምን እንደማይተካም ያውቃል። ሶያ ሶስ ሩዝ ላይ የሚደፋው ወጥ ቤት ይህን አያውቅም፣ ስለዚህ ሁሉም ዕቃ ከቻይና ቢመጣለት እንኳን ምግቡ የቻይና አይሆንም።

የማይተካውን ደግሞ ልንገራችሁ። ከሲቹዋን ምግቦች በጣም ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ሁለት ጊዜ የሚበስል የአሳማ ሥጋ ነው። እዚህ ቤት የለም። አሳማ ወደ ግቢው አይገባም፤ ልጅቷ ስትቀጠር መጀመሪያ የተናገረችው ይህንን ነው፣ ባለቤቷም ተስማሙ። በበሬ ሥጋ አስመስለው በዚያው ስም ሊያቀርቡት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ከምግብ ዝርዝሩ ወረቀት ላይ አወጡት፣ በቃ።

ጅማ ውስጥ ግን የሥጋ ጥያቄ እዚህ አያልቅም። አብራኝ የምትቀምስ ሙስሊም ባልደረባዬን ይዣት ስሄድ፣ ከመቀመጧ በፊት ሥጋው ከየት እንደሚመጣ ጠየቀች። ልጅቷ ሳትሸፋፍን ከክርስቲያን ሥጋ ቤት መሆኑን፣ የበሬው ወጥ ውስጥም የሩዝ ወይን እንደሚገባ ነገረቻት። ቀጥላ ደግሞ «የጾም መጥበሻ አለን፣ ሥጋም ሆነ የሩዝ ወይን ነክቶት አያውቅም» አለቻት። ለረቡዕና ለዓርብ ጿሚ ተብሎ የተለየ መጥበሻ ነው። ባልደረባዬ በእሱ የተሠራ ቶፉና ጎመን በላች። እኔም ቀኑ ዓርብ ስለነበር ከዚያው ሳህን አብሬያት በላሁ። ከንፈሯን ሲነዝራት አይቼ ሳልነግራት ጠበቅኩ። ማንኪያዋን አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ልክ ቅምሻ ላይ አዲስ ነገር ስታገኝ እንደምታደርገው።

ከእሷ ጋር ስንመለስ ያወራነው ስለ ላንዡ ነው። ቻይና ውስጥ ሁይ የሚባሉ ሙስሊሞች አሉ፣ የሰሜን ምዕራቧ የላንዡ ከተማ የበሬ ሥጋ ፓስታ ሾርባም የእነሱ ነው። ማ ባውዚ የተባለ የሁይ ሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ዝነኛ እንዳደረገው ይነገራል። ሊጡ በእጅ ይሳባል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይሳባል፤ በእያንዳንዱ ማጠፍ ክሩ እጥፍ ስለሚሆን 8 ጊዜ ሲታጠፍ 256 ክር ይወጣዋል። መረቁ ጥርት ያለ፣ ፍጁሉ ነጭ፣ የቃሪያው ዘይት ቀይ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ፓስታው ቢጫ መሆን አለበት ይላሉ። ከጥንት ሐላል ሆኖ የተፈጠረ የቻይና ምግብ ነው። እንደ ጅማ ያለ ከተማ ይህን የሚሠራ ሰው ቢያገኝ በረመዳን ማታ ወንበር የሚገኝበት አይመስለኝም። ከልቤ ነው የምመኘው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ባጃጅ ነጂዎች «የቻይናዎቹ ቤት» ስትሏቸው ያውቁታል። ቶፉው ከሥጋ ጋር ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ጾመኛ ከሆናችሁ ስታዙ ተናገሩ። ንዝረቱን ቀንሱልኝ አትበሉ፣ መጀመሪያ እንዳለ ቅመሱት። ቶፉውን ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት፤ ውሃ ውስጥ ያደረ አኩሪ አተር ተፈጭቶ፣ ወተቱ ተጣርቶ፣ ፈልቶ፣ አቼቶ ጠብ ተደርጎበት ይረጋል። የሚሠራው ጥቂት ነው፣ የቻይና ሠራተኞቹ ደግሞ ልክ በ6 ሰዓት ነው የሚመጡት። ከ7 ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ። ያኔ ጎመኑን በነጭ ሽንኩርት እዘዙ።